አንድ የእንግሊዝኛ ስም፣ አምስት የስፓኒሽ ቃል፦ የትኛውን ልያዝ?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስፓኒሽ የምማረው በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በኩል ነው። ግሡ ብዙም አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ስሙ ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያልፈውን መዝገበ ቃላቱ አምስትና ስድስት አድርጎ ይደረድረዋል። ከላይ ያለውን አንስቶ መሄድ እንደማያዋጣ ገብቶኛል፤ ግን በምን ልለየው?

ለምሳሌ «ቢል» የሚለውን ውሰዱ። ምግብ ቤት በልተን ስንጨርስ የሚመጣው፣ የመብራቱ፣ ባለ 20 ዶላሩ ኖት፣ ኮንግረስ ፊት የሚቀርበው፤ አራቱም አንድ ቃል ናቸው። «ቲኬት»፣ «ኮርነር»፣ «ቴስት»ም እንደዚያው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቃሉን ለመምረጥ የምትከተሉት መንገድ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው፤ የምማርበት መተግበሪያ ግን የስፔኑን ቃል የሚሰጠኝ ይመስለኛል። ልዩነቱ ሊያሳስበኝ ይገባል?

ፊደል ቆጣሪ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ወደ ጎን አድርጊውና ልትዪ የፈለግሽውን ነገር በአማርኛ ጥሪው። ስፓኒሽ በሚለይበት ቦታ አማርኛም ብዙ ጊዜ ይለያል፤ የሚያምታታሽ መሃል የገባው እንግሊዝኛ ነው።

«ሌተር» ብለሽ ብትፈልጊ ሌትራ እና ካርታ ይመጡልሻል። በአማርኛ ግን ፊደል ሌላ፣ ደብዳቤ ሌላ ነው፤ ፊደሉ ሌትራ፣ ደብዳቤው ካርታ። «ኔይል» ቢሉሽ ጥፍር ኡኛ ነው፣ ሚስማር ክላቦ። «ስፕሪንግ» ወቅቱ ከሆነ ፕሪማቤራ፣ የውኃ ምንጭ ከሆነ ማናንቲያል፣ ሞላ ከሆነ ሬሶርቴ (ስፔኖች ሙዌዬ ይላሉ)። «ዴት» ሦስት ፊት አለው፦ የወረቀት ላይ ቀን ፌቻ፣ ቀጠሮ ሲታ፣ ተምር ዳቲል። ሲታ የሐኪም ቀጠሮም ነው፣ የፍቅር ቀጠሮም ነው፤ አማርኛም ሁለቱን አይለያቸውም። «ማች» ጨዋታ ከሆነ ፓርቲዶ፣ ክብሪት ከሆነ ፎስፎሮ። ፓርቲዶ የፖለቲካ ፓርቲም ስለሆነ የድግሱን «ፓርቲ» ፊዬስታ በዪው።

ወደ ቢልሽ ስንመለስ፦

የምግብ ቤቱ ላ ኩዌንታ ነው። በአማርኛ «ሒሳብ» ብለሽ የምትጠሪው ነው፤ ደግሞም ሒሳብ የባንኩም እንደሆነ ሁሉ ኩዌንታም የባንኩ ነው።

የመብራቱና የውኃው በብዙ የላቲን አሜሪካ አገር ሬሲቦ ይባላል፦ ኤል ሬሲቦ ዴ ላ ሉስ፣ ኤል ሬሲቦ ዴል አጉዋ። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፤ ሬሲቦ ከተከፈለ በኋላ የሚሰጥ ደረሰኝም ነው። ስለዚህ «ሬሲቦውን አምጣ» ሲባል ገና ያልተከፈለው ይሁን የተከፈለበት ማስረጃ ከአነጋገሩ ላይለይ ይችላል። ማስረጃውን ከፈለግሽ ኮምፕሮባንቴ ዴ ፓጎ ብትዪ ማንም አይሳሳትም።

ገንዘቡ ቢዬቴ ነው፤ ባለ ሃያው ኡን ቢዬቴ ዴ ቤይንቴ። ረቂቅ ሕጉ ፕሮዬክቶ ዴ ሌይ ነው፤ ሲጸድቅ ሌይ ብቻ ይሆናል። መዝገበ ቃላቱ ከላይ የሚያስቀምጠው ፋክቱራ ደግሞ ዝርዝርና ዋጋ የተጻፈበት የክፍያ መጠየቂያ ነው፦ የነጋዴ፣ የጋራዥ፣ የሆስፒታል። ምግብ ቤት ውስጥ ፋክቱራ ካልሽ ለግብር የሚሆን ሰነድ የጠየቅሽ ሊመስላቸው ይችላል።

ሁለቴ ፈትሽ፦
በአማርኛ መጀመር ጥሩ ነው፣ ግን ግማሹ መንገድ ነው። ቀሪው የመዝገበ ቃላት አያያዝ ነው። እኔ የምለው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

መጀመሪያ ስሙን ብቻውን አትፈልጉት። ከጎኑ ያለውን ቃል ጨምራችሁ ፈልጉ። በእንግሊዝኛ ስም በስም ላይ ስለሚደረብ ትርጉሙን የሚወስነው ብዙ ጊዜ የፊተኛው ነው፦ የደም «ቴስት»፣ የመንጃ ፈቃድ «ቴስት»፣ የእርግዝና «ቴስት»። ዎርድሪፈረንስን የመሰሉ የመስመር ላይ መዝገበ ቃላት ከዋናው ሰንጠረዥ በታች የጥምር ቃላት ዝርዝር አላቸው፤ ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ገጹን ይዘጋዋል። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ቀጥሎ በቃሉና በትርጉሙ መካከል በቅንፍ የተጻፈችውን ትንሽ ማብራሪያ አንብቡ። «የመኪና»፣ «የዛፍ»፣ «የዝሆን» የምትለው እሷ ናት ዋናዋ። «ትረንክ» የሚለውን ያለ እሷ ብታነሱት ዕዳ ነው፦ የዛፍ ግንድ ትሮንኮ፣ የዝሆን ኩምቢ ትሮምፓ፣ ትልቅ ሳጥን ባኡል፣ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ደግሞ ሜክሲኮ ካኹዌላ፣ ስፔን ማሌቴሮ፣ ኮሎምቢያና አርጀንቲና ባኡል።

ሦስተኛው የማይዘለል ነው። የመረጣችሁትን የስፓኒሽ ቃል መልሳችሁ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ፈልጉት። ሲመለስ የሚያመጣው የመጀመሪያ ትርጉም እናንተ ያሰባችሁት ካልሆነ ቃሉ አልፎ አልፎ ብቻ በዚያ ትርጉም የሚገባ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ የተሻለ እንዳለ ፈትሹ።

ዕቃ ከሆነ አራተኛ እርምጃ አለ፦ የስፓኒሹን ቃል በምስል መፈለጊያ ላይ ጻፉት። ካኹዌላ ብላችሁ የመኪና ኋላ ካያችሁ አለቀ። ረቂቅ ነገር ላይ ግን ምስል አይረዳም፤ በዚያ ጊዜ የስፔን ሮያል አካዳሚ በነፃ በመስመር ላይ ያስቀመጠውን መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ትርጉሞቹ በቁጥር የተለዩ ናቸው፣ በአንድ አገር ብቻ የሚሠራው ትርጉም የአገሩ ምሕጻረ ቃል ይጻፍበታል።

የትርጉም ማሽን ከተጠቀማችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስጡት። ነጠላ ቃል የተሰጠው ማሽን ሊገምት እንጂ ሊመርጥ አይችልም።

ለ«ቴስት» መልሱ፦ የደሙ አናሊሲስ ዴ ሳንግሬ ወይም ኤክሳሜን ዴ ሳንግሬ፣ የእርግዝናው ፕሩዌባ ዴ ኤምባራሶ፣ የትምህርት ቤቱ ኤክሳሜን፣ የመንጃ ፈቃዱ በላቲን አሜሪካ ኤክሳሜን ዴ ማኔኾ። በጥቅሉ ዕውቀትን የሚለካው ኤክሳሜን ነው፤ አለ ወይም የለም የሚል መልስ የሚሰጠው ወደ ፕሩዌባ ያደላል።

ጓጉንቸር፦
«በአማርኛ ጀምሩ» የሚለው ምክር ላይ ልቃወም። አማርኛም የራሱ ወጥመድ አለው፣ በተለይ እንግሊዝኛውም አማርኛውም አንድ አድርገው ስፓኒሽ ብቻ ሲለይ።

ዓሣ። ውኃ ውስጥ ያለው ፔስ ነው (ሲበዛ ፔሴስ)፤ ተይዞ ለምግብ የቀረበው ፔስካዶ። ፔስካዶ «የተጠመደ» ማለት ነው፣ ከማጥመድ ግሥ የወጣ፤ ይህን ካወቁ አይረሳም። በላቲን አሜሪካ የቤት ንግግር ሕይወት ያለውንም ፔስካዶ የሚሉ አሉ፤ ምግብ ዝርዝር ላይ ግን የዓሣ ምግብ በጥቅሉ ሲጠራ ፔስካዶ ነው።

ጆሮ። የሚታየው ቅርጹ ኦሬኻ፣ የሚሰማው የውስጡ ኦይዶ። ክሊኒክ ውስጥ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ኦሬኻ ያመኛል ያለ ሰው ውጭው ቆስሏል ወይም ተመትቷል ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ የውስጥ ሕመምና ኢንፌክሽን ሁልጊዜ ኦይዶ ነው።

እግር። እዚህ አማርኛ ከእንግሊዝኛም የባሰ ያቀላቅላል። የሰው ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት ፒዬርና፣ ከዚያ በታች ፒዬ፣ የእንስሳትና የጠረጴዛ ፓታ። ለሰው ፓታ ማለት ቀልድ ወይም ስድብ ነው። ጣት ላይ ግን ዕድለኞች ነን፤ እንግሊዝኛ የእጁንና የእግሩን በሁለት ቃል ሲለይ ስፓኒሽ እንደኛ ዴዶ ብሎ ይገላገላል።

ቁልፍ። የበሩ ያቤ፣ የሸሚዙ ቦቶን፣ የኮምፒውተሩ ቴክላ፣ ጓጉንቸሩ ካንዳዶ። በእንግሊዝኛው በኩል ብትመጡም የምስጢሩና የመፍትሔው «ኪ» ክላቤ ነው፣ ያቤ አይደለም። ያቤ ደግሞ በብዙ አገር የውኃ ቧንቧ መክፈቻም የመካኒክ መፍቻም ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «ያቤ ስጠኝ» ቢባል የመኪና ቁልፍ ይዛችሁ አትሩጡ።

ከጣሊያንኛ በመጡት ቃሎቻችንም ተጠንቀቁ። ከላይ ካርታ ደብዳቤ ነው ተብሏል፤ መጫወቻውም ካርታ ነው፣ በዚህ እንስማማለን። የአገር ካርታ ግን ማፓ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ፣ በተለይ ስፔን፣ ላ ካርታ የምግብ ዝርዝሩ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ትክክል ነህ፣ ዓሣና ጆሮ ላይ አማርኛ አያግዝም። ሕጉን ላሻሽለው፦ አማርኛው ሁለት ቃል ካለው ስፓኒሹም ሁለት ይኖረዋል ብለሽ ጠርጥሪ፤ አማርኛው አንድ ብቻ ካለው ግን አንድ ነው ብለሽ አትዝጊ፣ ፈትሺ።

ኮርነርን የዘለልነው ይመስለኛል። መንገድ ላይ ሁለት ጎዳና የሚገናኝበት፣ ወይም የጠረጴዛ ሹል ጫፍ፣ ከውጭ የሚታየው ኤስኪና ነው። ክፍል ውስጥ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት፣ ወንበር የሚቀመጥበት፣ ከውስጥ የሚታየው ሪንኮን። በአማርኛ ማዕዘንና ጥግ ብንል ይቀራረባል። የኳስ ጋዜጠኞቻችን «የማዕዘን ምት» የሚሉት በላቲን አሜሪካ ቲሮ ዴ ኤስኪና፣ በስፔን ሳኬ ዴ ኤስኪና ነው፤ የትም ሪንኮን አይባልም።

የሜሪላንዷ፦
በጣም ጠቅማችሁኛል። ሁለት ቃል ብቻ ልጨምር፣ ቅጽ ላይ ደጋግመው የሚመጡ፦ «ሪከርድ» እና «ቻርጅ»። በአማርኛ ልጠራቸው ስሞክር ራሱ አማርኛው ይበዛብኛል።

ችሎትና ክሊኒክ፦
አማርኛው መብዛቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ለየብቻ ስጪያቸው።

«ሪከርድ» በስፓኒሽ ሬኮርድ ሆኖ ደኅና የሚሰማው የስፖርት ክብረ ወሰን ሲሆን ነው። አሜሪካ ያሉ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ለሁሉም ነገር ሬኮርድ ሲሉ ትሰሚያለሽ፤ በንግግር ይገባሻል፣ ቅጽ ላይ ግን አትጻፊው። የሕክምናው ኤክስፔዲዬንቴ ሜዲኮ ወይም ኢስቶሪያል ሜዲኮ ነው። የወንጀሉ አንቴሴዴንቴስ ፔናሌስ ነው፣ ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር፤ «የለበትም» ለማለት ሲን አንቴሴዴንቴስ። መሥሪያ ቤት የሚይዘው መዝገብ ሬኺስትሮ። የልደት ሰነድ ለሜክሲኮ ሰው አክታ ዴ ናሲሚዬንቶ፣ ለሳልቫዶር ሰው ፓርቲዳ ዴ ናሲሚዬንቶ ነው። (አክታ ሲባል ለእኛ ጆሮ ደስ አይልም፤ ሰነድ ነው፣ ታገሡት።) የሙዚቃው ሸክላ ዲስኮ። አንድ ሰው ስልክ ላይ «ሪከርዶቼን ላኩልኝ» ካለሽ ሳትጽፊ በፊት «የሕክምና ነው ወይስ የፍርድ ቤት?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሁለቱ ወረቀቶች የሚወጡት ከተለያየ ቢሮ ነው።

«ቻርጅ» ደግሞ ካርጎ እና ካርጋ በሚባሉ ሁለት ዘመዳሞች ላይ ይከፈላል፣ ስህተቱ የሚበዛውም እዚህ ነው። ካርጎ በ«ኦ» ሲያልቅ፦ ካርዳችሁ ላይ የተነሳ ሒሳብ፣ ፍርድ ቤት የቀረበ ክስ፣ የሥራ ሹመትና ኃላፊነት። ካርጋ በ«አ» ሲያልቅ፦ የስልክ ባትሪ ቻርጅ፣ የኤሌክትሪክ ሙል፣ የመኪና ጭነት፣ ሸክም። ወጥመዱ ምን መሰላችሁ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «ካርጎ» የምንለው የአየርና የመርከብ ጭነት በስፓኒሽ ካርጋ ነው። የጭነት አውሮፕላን ላይ የሚጫነው ካርጎ ነው ብትዪ «ሹመት ጫኑ» እንደማለት ነው።

ከዋጋው በላይ የሚጨመር ቅጣት ወይም ተጨማሪ ክፍያ ሬካርጎ ይባላል፤ በካርድ ሲከፈል የሚታከለው፣ ዘግይተሽ ስትከፍዪ የሚመጣው። በኪሎ ሜትር ወይም በሰዓት የተቆረጠ ዋጋ ከሆነ ታሪፋ። ክስን በተመለከተ ብዙ ክስ ሲኖር ካርጎስ ይባላል፤ «ክሶቹ ተነሡለት» ሬቲራሮን ሎስ ካርጎስ። «ነፃ፣ ያለ ክፍያ» ለማለት ደግሞ ሲን ካርጎ ወይም ግራቲስ። ሊብሬ አይባልም፤ ሊብሬ ያልተያዘ፣ ነፃነት ያለው ማለት ነው። ስም ባይሆንም እግረ መንገዴን ያነሳሁት ማስታወቂያ ላይ ደጋግሞ ስለሚሳሳት ነው።

የፑፑሳ ወዳጅ፦
ስለ ሳልቫዶሮቹ የጠየቀችው ሳይመለስ ቀረ። ልዩነቱ ያሳስባል፣ ግን የዕቃና የወረቀት ስም ላይ ነው የሚከማቸው፤ የአካል፣ የቤተሰብ፣ የቁጥር፣ የጊዜ ስም ላይ ብዙም የለም።

ቲኬት ዋናው ምሳሌ ነው። ስፔን ውስጥ የባቡርና የአውሮፕላኑ ቢዬቴ፣ የስታዲየሙና የሲኒማው ኤንትራዳ። ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ቦሌቶ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ቢዬቴ ካልሽ የገንዘብ ኖት ይመስላቸዋል። ደቡብ አሜሪካ ስትወርጂ ለጉዞው ፓሳኼ በብዛት ትሰሚያለሽ። የፖሊሱ ቅጣት በሁሉም አገር ሙልታ ብትዪ ይገባል። ሳልቫዶሮች ግን ለትራፊክ ቅጣት ወረቀት ኤስኬላ ይላሉ፤ በሌላ አገር ያው ቃል የሐዘን ማስታወቂያ ነው፣ ለስፔን ሰው ፖሊስ ኤስኬላ ሰጠኝ ብትይው ማን ሞተ ይልሻል።

«ስትሮ»ም እንዲሁ ነው። ገለባው ፓኻ ነው፤ ለመጠጫው ግን ፓኻ አትበዪ፣ በብዙ አገር የብልግና ትርጉም አለው። ሜክሲኮ ፖፖቴ፣ መካከለኛው አሜሪካ ፓኺያ፣ ስፔን ፓኺታ፣ ኮሎምቢያ ፒቲዮ።

የሥራ ማመልከቻ ሶሊሲቱድ ነው። አፕሊካሲዮን ሲሉ ትሰሚያለሽ፣ አሜሪካ ውስጥ ይገባሻል፤ ከአሜሪካ ውጭ ግን የስልክ መተግበሪያ ወይም ቅባት የመቀባት ሥራ ነው የሚመስላቸው። ዋሽንግተን ዙሪያ ሳልቫዶሮች ስለሚበዙ ለንግግር የእነሱን ቃል ያዢ፤ ዳላስ ወይም ሎስ አንጀለስ ብትሆኚ የሜክሲኮውን እልሽ ነበር። ለሕዝብ የሚለጠፍ ጽሑፍ ከሆነ ሁሉም የሚያውቀውን ምረጪ፦ ሙልታ፣ ሶሊሲቱድ፣ ቦሌቶ።

ሁለቴ ፈትሽ፦
የቀረ አንድ ነገር አለ፣ ጾታ። ቃሉን በትክክል መርጣችሁ ፊቱ ላይ ኤል እና ላ ከተቀያየሩ ትርጉሙ ይሄድባችኋል። ኤል ኦርዴን ቅደም ተከተል ነው፣ ላ ኦርዴን ትእዛዝ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ላ ኦርዴን ኹዲሲያል፣ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ የምግብ ትእዛዝም ላ ኦርዴን። ሱቅ የሚታዘዝ ዕቃ ግን ፔዲዶ ነው። ኤል ካፒታል ገንዘቡ፣ ላ ካፒታል ዋና ከተማው፤ ትልቁ ፊደል ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው፣ ማዩስኩላ። ኤል ኮሜታ ጅራታም ኮከብ፣ ላ ኮሜታ ልጆች በነፋስ የሚያበሩት። ኤል ፍሬንቴ ግንባር፣ የጦሩ፤ ላ ፍሬንቴ ግንባር፣ የፊቱ። እዚህ አማርኛም ስፓኒሽም አንድ ቃል ይዘው ተገናኝተዋል፣ ስፓኒሽ ግን በጾታ ይለያል።

ቁጥርም ይለውጣል። ላ ኤስፖሳ ሚስት ናት፤ ላስ ኤስፖሳስ ሚስቶች ወይም የፖሊስ ካቴና። ስለዚህ የቃላት ደብተር ስትይዙ ስሙን ብቻ አትጻፉ፦ ኤል ወይም ላ፣ ከጎኑ የሚሄደው ቃል፣ የአገሩ ስም። «ላ ካኹዌላ፣ የመኪና፣ ሜክሲኮ» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ «ትረንክ» ከሚል ርዕስ ሥር አምስት ቃል ከመደርደር ይሻላል፤ በእንግሊዝኛው ቃል ርዕስ ካወጣችሁለት ከአንድ ወር በኋላ ስትገልጡት ያው ምርጫ እንደገና ይጠብቃችኋል።